ፊተኛው አግዳሚ ላይ ማን ይቀመጥ

መጋቢት 3፣ ሃርሎውፎርድ

ዛሬ ከተማው አከበረኝ። አዲሱ የጸሎት ቤት ተሠርቶ ስላለቀ የከተማው ጉባኤ ተሰብስቦ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚደለድል ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ ዲያቆን ኤልናታን ፊች ብድግ አለና፣ "ከሻምበል ኢታምር ክራፍት ወዲያ ማን አለ! ሰው ማሰለፍ እንደሆነ ሥራው ነው" አለ። ዲያቆኑ በግንቦት ከተማችንን ወክሎ ቦስተን ሸንጎ ለመግባት ከእኔ ጋር የሚፎካከር ሰው ነው። ተፎካካሪዬ ሆኖ እንዲህ አመሰገነኝ። ለካ ሰውን በከንቱ ነው የምንጠረጥረው።

ሁለት ሰዎች አብረውኝ ተመረጡ። አንዱ ባለወፍጮው ሩፎስ ነው፤ ስሙ እንደተጠራ ሪሁ ተነሳበትና በሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ሌላው እህቴ ታማብኛለች ብሎ ከስብሰባው በቀጥታ ፈረሱን ጫነ። እህት እንዳለው አላውቅም ነበር። እግዜር ይማራት። ስለዚህ ኮሚቴው እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ለኬዝያ ስነግራት ጭልፋውን አስቀምጣ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚጠላህ?" አለችኝ። ሴቶች የሕዝብ ጉዳይ አይገባቸውም።

ደንቡ እንደሆነ የታወቀ ነው። ዕድሜ፣ ክብር፣ ሀብት፣ ለአገር የተዋለ ውለታ ይታያል። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። ትልቅ ሰው ፊት፣ ትንሽ ሰው ኋላ፣ ጎረምሶች ደርብ ላይ። ይሄን ይዞ ሰው ማስቀመጥ ምን ያቅታል? ይሄ ነገር ባማረ ሁኔታ ካለቀ ቦስተን መግባቴ አይቀርም።

መጋቢት 7

ባልቴቷ ወይዘሮ ታማር ዊልኮክስ የዱባ ጣፋጭ ይዘው መጡ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሲያወሩ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። "አንተ ልጅ! ፊተኛው አግዳሚ ለኔ ነው አይደል?" ብለው ጮሁ። እኔም ጮኼ፣ "ከእርስዎ ወዲያ ማን አለ!" አልኳቸው።

ቃል አልገባሁም። ማን አለ ብዬ ነው የጠየቅሁት። ሰው መጠየቅ ይችላል።

ጣፋጩ ግሩም ነበር።

መጋቢት 12

ሩፎስ መጣ። ሪሁ ለቀቀው መሰለኝ፣ አንድ ሙሉ ያሳማ ጭን ተሸክሞ ነው የመጣው። አባቱ ለድሮው ጸሎት ቤት እንጨት በነጻ መሰንጠቃቸውን አስታወሰኝ። "ካንተ ወዲያ ማን አለ" አልኩት። ከኋላው ቆዳ ፋቂው መጣ፤ የፖም ጠጅ ይዞ። ከዚያ የቆዳ ፋቂው አማች። ማንንም ደስ ሳይለው አልሰደድኩም። ፖለቲካ ማለት ይሄው ነው፤ ዲያቆን ፊች ይሄ ጥበብ የለውም።

ኬዝያ የጓዳውን መደርደሪያ እያየች፣ "ፊተኛው አግዳሚ ስንት ሰው ይይዛል?" አለች።

"ስድስት" አልኳት።

"የስንት ሰው ስጋ ነው ጓዳ ያለው?"

ሄጄ ተኛሁ። ደክሞኝ ነበር።

መጋቢት 15

ዛሬ ኦባዲያ ታፕሊ ጋ ሄጄ የፈረሴን ብረት አስመታሁ። ኦባዲያ የከተማችን ቀጥቃጭ ነው፤ በፈረንሳዮቹ ምሽግ ዘመቻ ጊዜ የኔ አስር አለቃ ነበር። ከዚያ ረግረግ አብረን ነው የወጣነው። እኔ ከፍ ካለ ቦታ ሆኜ መንገዱን እያየሁ እመራ ነበር፣ እሱ ይራመድ ነበር። ዛሬም በየመሸታ ቤቱ ሳወራው ሰው በጸጥታ ያዳምጠኛል። የኦባዲያ ጉልበት የተበላሸችው ያኔ ነው። ረግረጉ ከባድ ነበር። እኔም ያኔ ትንሽ ወፍሬ ነበር።

ብረቱን እየመታ፣ "ሻምበል፣ አንድ ነገር ልለምንዎ" አለኝ። ልቤ ድንግጥ አለ፤ እሱም ፊት ሊጠይቀኝ ነው ብዬ።

"ፊትም ይሁን ኋላ ግድ የለኝም። ዳር ብቻ ይሁንልኝ። ይቺ እግሬ አትታጠፍም፤ መተላለፊያው ላይ ልዘርጋት ብዬ ነው።"

"አንተ ደግሞ! ይሄም ልመና ሆኖ ነው?" አልኩት፤ "ያለቀ ነገር ነው።"

ከሁሉም ቀላሉ የሱ ነው። የሱን ነገር ማሰብ እንኳ አያስፈልገኝም።

መጋቢት 21

ዛሬ ብልሃት አገኘሁ። ሰው በአእምሮ አይደለደልም፤ ጦር ሜዳ ላይም ካርታ ያስፈልጋል። ስለዚህ የገበታችንን ጠረጴዛ ጸሎት ቤት አደረግሁት። የበቆሎ ፍሬ ወንዶች፣ ቦሎቄ ሴቶች። የዳቦ ፍርፋሪ መስበኪያው። ቀኑን ሙሉ ስገፋቸው ዋልኩ። ቆዳ ፋቂውን ከሩፎስ አራቅሁት፤ በአጥር ተጣልተዋል። የዲያቆኑን ሚስት ከወይዘሮ ዊልኮክስ አራቅሁ፤ የተጣሉበትን ማንም አያስታውስም፣ እነሱ ግን ያስታውሳሉ። ወደ ማምሻው ላይ በአንድ ተአምር ሁሉም ልክ ገባ። ሁሉም! ደስ ብሎኝ ለላሞቹ ድርቆሽ ልሰጥ ወጣሁ።

ስመለስ ጠረጴዛው ተጠርጓል። በድስት ውስጥ ንፍሮ ይንተከተካል።

"ኬዝያ! ምን አደረግሽ?"

"እራት ነዋ። አንተው ለቅመህልኝ የለ?"

ምን ይደረጋል፣ በላሁት። ከተማውን በሙሉ በጨው በላሁት። ዲያቆኑ የትኛው እንደነበር እንኳ አልለየሁም።

መጋቢት 22

እንደገና ሞከርኩ። አልገባም።

መጋቢት 28

እምቢ አለኝ። እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ዲያቆን ፊች መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ "ስለኔ አታስብ፤ እኔ ትሑት ሰው ነኝ፣ የትም አድርገኝ" አለኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ወዲያው፣ "ግን ዲያቆንን ኋላ ብታስቀምጥ ሰው ስላንተ ምን ይላል? እኔ የማስበው ላንተ ነው" አለ። እውነቱን ነው። ከሱ ወዲያ ማን አለ?

ለኔ ለራሴ ቦታ መያዝ አልፈለግሁም ነበር። ግን ሻምበል ኋላ ቢቀመጥ ሚሊሺያው ይዋረዳል። ስለዚህ ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ በመተላለፊያው በኩል፣ ንፋስ የማይደርስባትን ዳር ያዝኩ። ለሚሊሺያው ክብር ነው።

ሚያዝያ 2

የሚሊሺያ ልምምድ ቀን ነበር። አንድ ሰነፍ፣ "ሻምበል ዛሬ ፊት የቆመውን አይቶ ነው የሚደለድለው" ብሎ ማስወራቱን እኔ ከየት ልወቅ? "ሦስት ረድፍ ያዝ!" ብዬ ስጮህ ሁለተኛ ረድፍ የሚባል ጠፋ። ሁሉም አንደኛ። ሰልፉ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘረጋ። "ወደ ፊት!" አልኩ። በግራ በኩል የዲያቆን ፊች የዳክዬ ኩሬ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ የሚያልፍ ጠፍቶ እየዘመሩ ገቡበት። ውሃው ጉልበታቸውን አልፎም ሰልፉን አልለቀቁም። በፈረንሳዮቹ ዘመቻ እንዲህ ያለ ጽናት አላየሁም።

ኦባዲያ ብቻ ዳር ቆሞ ከበሮውን ይመታ ነበር። ይስቅ ነበር መሰለኝ።

ሚያዝያ 14

ፊታችን እሑድ የመጀመሪያው ጸሎት ነው። ድልድሉን በጉባኤ ፊት ማንበብ አለብኝ። እንዴት አድርጌ?

ሚያዝያ 17

መፍትሔው መጣልኝ! አለማንበብ ነው። ለያንዳንዱ በግል ነግሬዋለሁ፤ ያወቀውን ነገር በአደባባይ ብጮህበት ማሳፈር ይሆናል። "ሁላችሁም ቦታችሁን ታውቃላችሁ፤ በክብር ግቡና ተቀመጡ" እላለሁ። አጭር፣ ጨዋ፣ የወታደር ንግግር። ለኬዝያ ነገርኳት። ወደ ሳጥኑ ሄደች። ከዚያ ወፍራሙን ካባዬን አውጥታ፣ "እሑድ ይሄን ልበስ፤ ብትወድቅም አይጎዳህም" አለችኝ። ትቀልዳለች።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ጉድ ነው የሆነው። ጉድ!

በሩ ላይ ቆሜ ያችን ንግግሬን ተናገርኩ። ሰው በክብር ገባ። በክብር ገብቶ ሁሉም ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄደ። አንዱ ሌላውን፣ "ይቅርታ፣ ተሳስተሃል፤ ይሄ የኔ ነው" ይላል፤ ያኛው፣ "ሻምበል ራሱ ነግሮኛል" ይላል። "እኔንም!" "እኔንም!" ማንም አልተነሳም። በስድስት ሰው ቦታ ላይ የከተማው ትልልቅ ሰው ሁሉ ተጠቀጠቀ፤ ሩፎስ ቆዳ ፋቂው ጭን ላይ ተቀመጠ፤ ከጥሉ በኋላ ሲነካኩ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። ዲያቆኑ መሀል ላይ አየር አጥሮት ቀይ ሥር መስሏል። በሴቶቹ በኩል ወይዘሮ ዊልኮክስ ክርናቸውን እየተጠቀሙ፣ "ወዲያ በይ! አልሰማሽም! ወዲያ በይ!" ይላሉ።

ቄስ ላትሮፕ ምን ያድርጉ፣ ጸሎት ጀመሩ። ሁሉም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያን ድምፅ ሰማሁት። ከደርቡ ደረጃ ላይ ነው። አንድ እግር ይረግጣል፣ ሌላው እየተጎተተ ይከተላል። ደግሞ ይረግጣል፣ ደግሞ ይጎተታል። ኦባዲያ ነበር። ዳር ዳሩ ሁሉ ተይዞበት የሥርዓት ጠባቂው ከጎረምሶቹ ጋር ደርብ ላይ ሰዶታል። አዲስ ቤት ስለሆነ ደረጃው ብዙ ነው። የቄሱ ጸሎት ረጅም ነው፣ የሱ መውጣት ግን ከጸሎቱ ረዘመብኝ።

ረሳሁት። ያለቀ ነገር ነው ያልኩትን ሰው ረሳሁት። ያሳማ ጭን ያመጣውን ሁሉ አስታውሼ እሱን ረሳሁት። አፈርኩ።

ቄሱ "አሜን" ሲሉ አግዳሚው ቋ! ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልፈልግም። የዲያቆኑ ሰው ሠራሽ ጠጉር የተገኘው ወይዘሮ ዊልኮክስ እግር ሥር ነው።

ሚያዝያ 22

ማንም አያናግረኝም። የዱባ ጣፋጭ የሚባል ነገር ቀረ። ደጄ ላይ የበሰበሰ ድንች ተገኘ። በቆሎዬን እንዲፈጭልኝ ስጠይቀው ሩፎስ ወፍጮዬ ተሰብሯል አለኝ፤ ወፍጮው ከኋላው እየዞረ።

ሸንጎው ሕልም ሆኖ ቀረ።

ሚያዝያ 24

አግዳሚው ተጠግኗል። ቄሱ፣ "ለጊዜው ሁሉም በድሮው ጸሎት ቤት እንደነበረው ቦታውን ይያዝ፤ ሻምበልም ያቺን ዳር ከያዙ አይቀር ይቀመጡባት" አሉ። ማንም ለጸብ ጉልበት ስላልቀረው እሺ አለ። ስለዚህ እኔ አዲሱን ቦታዬን ያዝኩ፤ ሌላው ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።

ኦባዲያ ግን በድሮው ቤት የሚቀመጠው አንድ ጉቶ ላይ ነበር፤ ጉቶው ተሰብሮ እዚያው ቀርቷል። ደርብ ላይ ነው።

ሚያዝያ 28

ይቅርታ ልጠይቀው ቀጥቃጩ ቤት ሄድኩ። ገባሁና፣ "ኦባዲያ..." አልኩ። "አቤት ሻምበል?" አለ። "ምስማር አለህ ወይ?" አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ? ቤቴ የሞላው ምስማር ነው፤ ሌላ ምስማር ገዛሁ።

ልወጣ ስል፣ "ስለ ደርቡ አይጨነቁ ሻምበል፤ ከላይ ሆኖ ሁሉ ነገር ይታያል" አለኝ። "እርስዎም ያኔ ረግረጉ ላይ ከላይ ሆነው አይደል ያዩት?"

ፊቱን አየሁት፤ የቀለደ አይመስልም። የቀለደም ይመስላል።

ግንቦት 4

ነገሩ መልካም እየሆነ ነው! መሸታ ቤት ስገባ ሰዎች ስለ ሸንጎው አጥብቀው ይጠያየቁ ነበር። "ሸንጎው በዓመት ስንት ወር ይቀመጣል?" ይላል ቆዳ ፋቂው። "በክረምትስ ይቀመጣል?" "እሑድ እሑድ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል እንዴ?" "ኧረ አይቻልም፣ ሩቅ ነው" ሲል ሩፎስ ሁሉም ደስ አላቸው። ሕዝባችን ለፖለቲካ እንዲህ ሲነቃ አይቼ አላውቅም። ሲያዩኝ ዝም አሉ። አክብሮት ነው።

ግንቦት 8

ኬዝያ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ ስትመጣ ትስቃለች። የዲያቆን ፊች ሚስት ጸሎት ቤት ገብታ የኔን ቦታ በክንዷ ስትለካ አይታታለች።

"ለምን ትለካዋለች?"

"ለባሏ ትራስ ልትሰፋለት ነዋ" አለች ኬዝያ።

ለባሏ ትራስ ለመስፋት የኔን ቦታ መለካት ምን አመጣው? የዚች ሴት ልማድ አይታወቅም።

ግንቦት 12

አሸነፍኩ!

ምርጫው በአባቶቻችን ወግ ነው የሆነው። ባርኔጣ ይዞራል፤ ለዕጩው "ይሁን" የሚል በቆሎ፣ "አይሁን" የሚል ቦሎቄ ይጥላል። እኔ ቦሎቄ በቦሎቄ ልሆን ነው ብዬ ከወዲሁ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዲያቆን ፊች ተነሳ። "እኔ ከውድድሩ ወጥቻለሁ" አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። "ሻምበል ክራፍት ይሂድልን! እንዲያውም ቶሎ ይሂድልን! ቦስተን እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልጋታል፤ እኛ እንደምንም እንችለዋለን።" ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁት።

ባርኔጣው ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ በቆሎ ብቻ ፈሰሰ። ያ ሁሉ የተቀየመ ሰው በቆሎ ጥሎልኛል! መሀሉ ላይ ግን አንዲት ቦሎቄ ጥቁር ጥቁር ብላ ተቀምጣለች።

አንድ ጠላት አለኝ ማለት ነው። ማነው?

ግንቦት 13

ሩፎስ ነው። ማንም ሳይሆን ሩፎስ ነው።

ግንቦት 14

ሩፎስ አይደለም። በእጁ ሙሉ በቆሎ ሲጥል ያዩት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ብቻ ይቆጠራል ተብሎ ተቆጥቷል። ታዲያ ማነው? ሰው እንዴት ከተማው በሙሉ አንድ ልብ ሲሆን ብቻውን ይከፋል? ያቺን ቦሎቄ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ይዣታለሁ። ባለቤቷን ባገኘው የምለውን አውቃለሁ።

ግንቦት 19

ፈረሴን ለመንገድ ላሰናዳ ኦባዲያ ጋ ሄድኩ። ብስጭቴን ነገርኩት። ቦሎቄዋን መዳፌ ላይ አስቀምጬ፣ "ይቺን የጣለውን ሰው ባገኘው!" አልኩ።

መዶሻውን አስቀመጠ። "የኔ ናት" አለ።

ቦሎቄዋን ጨበጥኳት። "አንተ ኦባዲያ? አንተ? ስለ ደርቡ ብለህ ነው?"

"ኧረ ምን ደርብ! ሻምበል፣ እርስዎ እኮ አይገባዎትም። ሰው ሁሉ እርስዎ ከዚህ እንዲሄዱለት ነው በቆሎ የጣለው። ያቺን ዳር ፈልገው ነው። ዲያቆኑ ሸንጎውን የተወው ለሷ ብሎ ነው፤ ከሩፎስ ጋር ከወዲሁ ተጣልተውባታል።" መዶሻውን መልሶ አነሳና፣ "እኔ እንዲሄዱ አልፈለግሁም። የምስማር ደንበኛዬ ማን ሊሆን ነው?" አለ።

ወዲያ ዞሬ ፈረሱን አቀፍኩ። ፈረሱ ገረመው።

ለኬዝያ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "አንድ ሰው አለህ ማለት ነው" አለችኝ። "እኔ ደግሞ ድምፅ ቢኖረኝ ሁለት ቦሎቄ ይሆን ነበር።"

ግንቦት 24፣ እሑድ

ነገ ወደ ቦስተን ስለምነሳ ዛሬ የኮሚቴውን የመጨረሻ ሥራ ሠራሁ። ኮሚቴው እኔው ብቻ ስለሆንኩ ስብሰባው አልረዘመም።

ደወሉ ሲመታ ዲያቆኑ አዲሱን ትራስ በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል። እኔ ኦባዲያን ክንዱን ይዤ በመተላለፊያው መሀል ወሰድኩት። "ሻምበል፣ ወዴት ነው? ሻምበል፣ ተው እንጂ" ይለኛል ቀስ ብሎ። ፊተኛው አግዳሚ ዳር ላይ አስቀመጥኩትና ጮክ ብዬ፣ "ለአገር የዋለ ውለታ! ከረግረጉ ያወጣኝ ይሄ ሰው ነው፤ በጀርባው ተሸክሞ" አልኩ። ወይዘሮ ዊልኮክስ ሳይቀሩ ሰሙ። "እሱማ ሁላችንም እናውቃለን!" ብለው ጮሁልኝ። ታዲያ ይሄን ያህል ዓመት ሳወራ ለምን ዝም ይሉኝ ነበር?

እኔ ደርብ ላይ ወጣሁ። ደረጃው እውነትም ብዙ ነው። ጎረምሶቹ ለውዝ እየሰበሩ ቦታ ለቀቁልኝ።

ኦባዲያ እውነቱን ነው፣ ከላይ ሆኖ ሁሉ ነገር ይታያል። ያቺን እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቷት ነበር። ዲያቆን ፊች ወደ ቦታው ለመግባት ትራሱን ታቅፎ፣ ኮቱን በሁለት ጣቱ ሰብስቦ፣ ተሻገራት። ለመዋጮው ሲነሳ ተሻገራት። ሲመለስ ተሻገራት። ኦባዲያ በየጊዜው፣ "ይቅርታ ዲያቆን፣ አትታጠፍልኝም" ይለዋል።

ጓዜ ተሰናድቷል። ቦሎቄዋን ደረት ኪሴ ውስጥ ሰፍቻታለሁ፤ ኬዝያ አግኝታት እንዳትቀቅልብኝ።